በማን ቆዳ ላይ ተሞከረ?

በኮሮና ጊዜ ጣታችንን ቆንጠጥ አድርጋ ይዛ ቁጥር የምትነግረንን ትንሽ መሣሪያ ያልለመደ የለም። ፐልስ ኦክሲሜትር ትባላለች። ከአንድ ወገን ቀይ ብርሃንና ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ትለቃለች፤ ከወዲያ ደግሞ ምን ያህሉ ጣትን አልፎ እንደወጣ ትለካለች። ኦክስጅን የተሸከመ ደም ኢንፍራሬዱን አብዝቶ ይውጣል፤ ኦክስጅን ያነሰው ደግሞ ቀዩን። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1974 ያቀረበው ጃፓናዊው ኢንጂነር ታኩኦ አዮያጊ ነው። መርፌ የለ፣ ደም መቅዳት የለ፤ እሰየው ብለናል።

ግን ብርሃኑ ደም ጋ ለመድረስ መጀመሪያ ቆዳን ማለፍ አለበት። ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒንም ብርሃን ይውጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ያሳተሙት ጥናት ጉዱን አወጣው። መሣሪያዋ ከ92 እስከ 96 በመቶ ስታነብ፣ ከደም ቅዳ ቧንቧ የተወሰደው ደም ግን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው ከጥቁር ሕመምተኞች ልኬቶች በ11.7 በመቶው ነው፤ ከነጮቹ በ3.6 በመቶው ብቻ። ኦክስጅን የሚያስፈልገው ሰው «ደህና ነህ፣ ቤትህ ሂድ» ሊባል ይችላል ማለት ነው።

የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ለአምራቾች ባወጣው መመሪያ፣ ከሚሞከርባቸው ሰዎች ጠቆር ያሉት ቢያንስ ሁለት ወይም 15 በመቶ ይሁኑ ይል ነበር። ሁለት ሰው! በጥር 2025 ያወጣው ረቂቅ ይህን ለማጥበቅ ነው።

እኛስ? ዕቃውን ከውጭ የምናስገባ፣ ቆዳችን የጠቆረ ሕዝቦች ነን። የሆስፒታል ዕቃ ገዢዎቻችን በጨረታ ሰነዳቸው ላይ ከዋጋው ጎን የዚህን ጽሑፍ ርዕስ ይጨምሩልን። ሐኪሞቻችንም ቁጥሩ ጥሩ ቢሆን እንኳ ትንፋሹ የሚያጥረውን ሰው ቶሎ አያሰናብቱት።