ፊደልም ይጫወት

በገራዶ ከብት አግዶ የዋለ ልጅ ማታ ገበታ ፊት ሲቀመጥ «ሀ ሁ»ን እንደ ዜማ ያንበለብላል፤ አንዷን ፊደል ለይተው ሲጠይቁት ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ 33ቱን በ7 አባዝተን 231 ቅርጽ ያለ አንድ ሥዕል አሸክመነዋል።

እኛ ግን ፊደሉ ራሱ ሥዕል ነው እንላለን። «በ» በር ናት፤ «መ» መነጽር፣ «ዐ» ዐይን፣ ባለ ሦስት እግሯ «ጠ» ጠረጴዛ።

ይህ በፊደል ማላገጥ ነው የሚሉን መምህራን ቢኖሩ፣ በግዕዝ የ«ዐ» ስም ዐይን፣ የ«በ» ስም ቤት መሆኑን ያስታውሱልን።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለክረምት ወደየአገራችን ስንገባ ወረቀትና እርሳስ እንያዝ። የቀሩትን ሥዕሎች ልጆቹ ይፈልጉልን፤ በሬውንም ማረሻውንም ከእኛ ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።