ምጣዱ ተሰደበ፣ ዓሣው በላ

የጥር ወር የመብራት ቢል ሲመጣ የፈረድኩት በምጣዱ ላይ ነበር። እዚህ ሳን ሆዜ እንደ ብዙው ሐበሻ ቤት እኛም የምንጋግረው ኖርዌጂያኖች ለሌፍሳ ቂጣቸው በሚጠቀሙበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። 1,400 ዋት ይስባል። አዲስ አበባ ደግሞ ምጣድ ሲሰካ ፊውዝ ሲወርድ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? ባለቤቴ እጇ ሊጥ ውስጥ እንዳለ በአገጯ ወደ ሳሎን ጠቆመችኝ። «ያኛውንስ ማን ይጠይቀው?»

ያኛው የዓሣ ገንዳው ነው። ልጄ አስገዝቶኝ ሲሰለቸው ለእኔ የቀረ፣ 200 ሊትር ውሃ የሚይዝ መስታወት። ነዋሪዎቹ ከማላዊ ሐይቅ የዘር ሐረጋቸውን የሚቆጥሩ ዓሦች ናቸው፤ ከእኛው ቆሮሶ ጋር አንድ ቤተሰብ። ይህን የነገርኳት ቀን «ታዲያ ለምን አንጠብሳቸውም?» ብላኛለች።

ሶኬት ላይ የሚሰካ የፍጆታ መለኪያ ገዛሁና አንድ ሳምንት ሁሉንም በየተራ መዘንኩ። ምጣዱ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሠርቶ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል በላ። ገንዳው በሳምንት 19። ከዚህ ውስጥ 13ቱ የማሞቂያው ብቻ ነው። ማሞቂያው ባለ 200 ዋት ነው፤ ከምጣዱ አንድ ሰባተኛ። ግን ምጣዱ ጋግሮ ይነቀላል። ማሞቂያው እኛ ስንተኛም፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድም ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል። 20 ዋት የማይሞላው ማጣሪያ እንኳ ያለ እረፍት ስለሚዞር ከምጣዱ እኩል ወጣ።

ዓመቱን ሙሉ የማይጠፋ አንድ ዋት 8.76 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። አንዱን ኪሎዋት ሰዓት 40 ሳንቲም ግድም በምንከፍልበት በዚህ ከተማ 3 ዶላር ተኩል ማለት ነው። ገንዳዬ በወር ወደ 33 ዶላር፣ ምጣዱ 5 ዶላር። ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ለምጣዱም ለባለቤቴም።

ዋጋው ለምን እንዲህ ናረ ለሚል፣ አንዱ ምክንያት እሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ፓራዳይዝ የምትባለውን ከተማ አውድሞ 85 ሰው የገደለው ሰደድ እሳት የተነሣው ከመብራት አከፋፋያችን ከፒጂ ኤንድ ኢ አሮጌ የኃይል መስመር ነበር። ከዚያ ወዲህ መስመር መሬት ውስጥ መቅበሩም፣ ዛፍ መከርከሙም በደንበኛው ሂሳብ ላይ ይታሰባል። መንገድ ተሻግረን ሳንታ ክላራ ብንገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ከተማዋ ከ1896 ጀምሮ መብራቷን ራሷ ታከፋፍላለች፤ ነዋሪዋ የሚከፍለው የእኛን ግማሽ አይሞላም። እዚያ የሚኖር ወዳጄ ሦስት ገንዳ አለው። አልቀናሁም ብል ውሸት ነው።

ዓሣውን መሸጥ አላሰብኩም። መጀመሪያ ያደረግኩት ገንዳውን በመስታወት መክደን ነው። ሙቀቱን በብዛት ይዞ የሚሄደው ትነት መሆኑን ማንም ድስት የጣደ ሰው ያውቃል፤ እኔ ግን ክፍቱን አንድ ዓመት አሞቅኩት። 27 ላይ የነበረውን የውሃ ሙቀትም ወደ 25 ዲግሪ አወረድኩ፤ ለእነሱ ይበቃቸዋል። የማሞቂያው ፍጆታ ከሳምንት 13 ወደ 8 ኪሎዋት ሰዓት ወረደ።

ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት መብራት ስለሚወደድ ማሞቂያውን በእነዚያ ሰዓታት አጥፋው ያሉኝ አሉ። አልተቀበልኩም። በብርዱ ወራት የሰዓቱ የዋጋ ልዩነት ጥቂት ሳንቲም ነው፤ የቀዘቀዘውን ውሃ ደግሞ ከ3 ሰዓት በኋላ መልሶ ማሞቅ አለ። ለዚያች ሳንቲም ዓሣ በየቀኑ ማንቀጥቀጥ ግፍ ነው። ልዩነቱ በሚሰፋበት በሙቀቱ ወራት ደግሞ ማሞቂያው ራሱ እምብዛም አይበራም። የገንዳውን አምፖል ግን ወደ ጠዋት አዛወርኩት።

ባለፈው ሐሙስ ማታ ሳሎን ስገባ የሊጡ ባልዲ ገንዳውን ተጠግቶ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በዚህ ብርድ ሊጥ ቶሎ አይቦካም።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«ኪራይ ይክፈሉ እንጂ» አለች ባለቤቴ።