ከአዋሽ ማዶ የቀረ ድልድይ

«ድሬዳዋ የንግድ ከተማ ናት፤ ሥዕል የሚያይ ሰው የላትም» የሚል አባባል አለ። ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ከተማይቱን ከባቡር መስኮት ብቻ ያዩ ሰዎች ናቸው። አሁን ደግሞ አዲሱ ባቡር የሚቆመው ከከተማው ውጭ በመሆኑ ከመስኮትም ቢሆን የሚያይዋት ጥቂቶች ሆነዋል። አባባሉ ግን ሐሰት ከመሆኑም በላይ ጎጂ ነው። ጎጂነቱን ለመረዳት ነገሩን ከሥረ መሠረቱ መያዝ ያሻል።

የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የተማሩት በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ መንገዱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። እሸቱ ጥሩነህና በቀለ መኮንን ወደ ሞስኮ፣ ታደሰ መስፍን ወደ ሌኒንግራድ ለትምህርት ሄዱ። በዚያው ዘመን እስክንድር ቦጎስያን በዋሽንግተን ከተማ በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። የሐረሩ ተወላጅ ገብረ ክርስቶስ ደስታም በስደት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1981 በኦክላሆማ ግዛት፣ በላውተን ከተማ አረፈ። በአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ሥር ያለፉ ሰዎች የዓለም ፖለቲካ ለሁለት እንደ ከፈላት ፍሬ ከሁለት ወገን ቆሙ።

ከዚህ መለያየት አንድ መጥፎ ልማድ ተወለደ። የሞስኮው ተማሪ «ፖስተር ሠሪ»፣ የአሜሪካው ነዋሪ ደግሞ «ለባዕድ የሚሥል» ይባላል። ለመሆኑ እንዲህ የሚሉት ሰዎች ሥዕሎቹን አይተዋልን? የሌኒንግራዱ ተማሪ ታደሰ መስፍን በሸራው ላይ ያቆመው ሠልፈኛን ሳይሆን የገበያ ሴቶችን ነው፤ ረዘም ብለው፣ ጸጥ ብለው፣ ከኋላቸው ቤትም ሰማይም ሳይኖር እንደ ምሰሶ ይቆማሉ። የዋሽንግተኑ እስክንድር ደግሞ በባዕድ አገር ተቀምጦ የአገሩን ጠልሰምና ክታብ ሲመረምር፣ በቅርፊት ጨርቅ ላይ ሲሥል ኖሯል። የተማሩበት ከተማ ስም ሥራቸውን ለመፍረድ ከበቃ፣ የመጽሐፍን ዋጋ በማተሚያ ቤቱ አድራሻ መወሰንም ይቻላል ማለት ነው!

እነዚህን ሁለት ወገኖች በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ታሪክ ውስጥ አገናኝቶ የሚያነጋግር ባለሙያ ያስፈልጋል። በአማርኛ ለዚህ ሰው ስም አልወጣለትም፤ «አዘጋጅ» ይባላል፤ አዘጋጅ ግን ሰርግም ያዘጋጃል። ኩሬተር የሚለው የውጭ ቃል የሚሸሸግበት ምሥጢር ያለው ይመስል ብዙዎች ሙያውን ሚስማር መምታትና ሪባን ማስቆረጥ አድርገው ይቆጥሩታል። ሙያው ግን የትኛው ሥዕል ከየትኛው ጎን ቢሰቀል ምን እንደሚናገር ማወቅ፣ የተበተነውን መሰብሰብ፣ ያልተጻፈውን መጻፍ ነው። ዶክተር ኤልሳቤጥ ወልደጊዮርጊስ በአሜሪካ የሙዚየም ጥናትን ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ፣ የሥነ ጥበብ ታሪክን ከኮርኔል ተምረው ወደ አገራቸው በመመለስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመውን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም መርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኦላፉር ኤሊያሰን፣ በ2016 ደግሞ በአዲስ አበባ ተወልዳ በአሜሪካ ያደገችው ጁሊ ምሕረቱ ሥራዎቻቸውን በዚያ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ታሪክም የንጉሡን ዘመን፣ የደርግን ዘመንና የስደቱን ትውልድ በአንድ ጥራዝ ያገናኛል። በሁሉም ፍርዳቸው መስማማት ግዴታ አይደለም። ነገር ግን የሞስኮን ምሩቅና የዋሽንግተንን ስደተኛ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ መሟገት ይህን ይመስላል።

ታዲያ ጥያቄው ይህ ድልድይ የት ይደርሳል ነው። ከኒውዮርክና ከበርሊን አዲስ አበባ ድረስ ውቅያኖስ ያቋርጣል፤ አዋሽን ግን አይሻገርም። ሁለቱም ትርዒቶች የተከፈቱትም የተዘጉትም በመዲናይቱ ነው። የገብረ ክርስቶስ የትውልድ ከተማ ከድሬዳዋ የደንገጎን ዳገት እንደ ወጡ ትገኛለች፤ በስሙ የተሠራው ሙዚየም ግን ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያላነሰ ባሕር የመሰለ መንገድ ማዶ ነው። የድሬዳዋ መምህር ተማሪዎቹን ስለ እርሱ የሚያስተምረው በምን አሳይቶ ነው?

የሚያይ ሰው የለም የሚሉት ወገኖች የለጋ ኦዳን የዋሻ ሥዕሎች ማን እንደ ሣለ ይንገሩን። ባቡሩ በ1902 (እ.ኤ.አ.) ከደረሰ ወዲህ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩና አርመኑ በአንድ ገበያ የተገበያዩባት ከተማ፣ ባዕድ የሆነን ነገር አይቶ መመዘን ከማንም አትማርም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መንግሥት በጥርጣሬ ዓይን እያያቸው የአፍረን ቀሎ ወጣቶች የኦሮምኛን ዘመናዊ ሙዚቃ ያበቀሉት እዚሁ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ያረፈው ዓሊ ቢራም በልጅነቱ የወጣው ከዚያ ቡድን ነው። ያን ጊዜ «ታዳሚ የለም» ያለ ሰው ቢሰማ ኖሮ ያ ሁሉ ዜማ የት ይገኝ ነበር? (ዛሬም የዓሊን ዘፈን እየሰሙ «ድሬዳዋ ንግድ እንጂ ጥበብ አታውቅም» የሚሉ አሉ።)

ተመልካቹ ካለ የጎደለው ቦታና ኃላፊነት ነው። በቀዚራ በኩል የአሮጌው ምድር ባቡር ጣቢያና ወርክሾፕ አለ፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ወፍራም ነው። ከአዲስ አበባ በውሰት የሚመጡ ሃያ ሸራዎችን ለሁለት ወር ለመስቀል የሚያስፈልገው አንድ በእንክብካቤ የሚነዳ የጭነት መኪና፣ የኢንሹራንስ ውል፣ የድሬዳዋን ሙቀትና አቧራ የሚከላከል ጥንቃቄ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምን ከምን ጎን እንደሚሰቀል የሚያውቅ፣ ለዚህም ደመወዝ የሚከፈለው አንድ ባለሙያ ነው። የታደሰ የገበያ ሴቶች ከመጋላ ገበያ ሴቶች ፊት ቢቆሙ ማን ማንን እንደሚመረምር ያን ጊዜ ይታያል። እስከዚያው የከተማው አስተዳደርና የምድር ባቡር ድርጅት የአዳራሹ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ቢነጋገሩ ሥራው ይጀመራል።