መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ሞተር

አንድ የናስ ሲሊንደር፣ አንድ ፒስተን፣ አንድ ፍላይ ዊልና ጥቂት ብሎኖች። ሲሊንደሩ አንድ ምሰሶ ላይ ላላ ብሎ ይታሰራል፤ ፒስተኑ ሲመላለስ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ሲወዛወዝም የአየሩን መግቢያና መውጫ ቀዳዳ ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ ይዘጋል። ሌላ ቫልቭ አይፈልግም። እንፋሎት ከሌለ የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ግፊቱ ዝቅ ተደርጎ ይበቃዋል፤ ኮምፕሬሰር ደግሞ ከነገሌ ቦረና በፊልቱ አድርጎ ዶሎ አዶ እስኪደረስ ጎማ የሚለጠፍበት ቦታ ሁሉ አለ።

በእንግሊዝ አገር ይህ ሥራ የብዙዎች ፍቅር ነው። «ሞዴል ኢንጂነር» የተባለው መጽሔታቸው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1898 ሲሆን፣ በቤታቸው ጓዳ ትንሽ ቶርኖ ተክለው ሞተር የሚሠሩ ሰዎችን ሲያስተምር ኖሯል።

ትንሽ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። አይደለም። የሲሊንደሩ ልኬት ሁሉ በግማሽ ሲያንስ የሚይዘው አየር ወደ ስምንተኛ ይወርዳል፤ አየር የሚሾልክበት የፒስተኑ ዙሪያ ግን የሚያንሰው በግማሽ ብቻ ነው። ስለዚህ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ሲሊንደር ውስጥ ክፍተቱ ከጥቂት የሚሊ ሜትር መቶኛዎች ካለፈ፣ ሞተሩ ይተነፍሳል እንጂ አይዞርም። ቶርኖው የቀረጸውን ሠሪው በዘይትና በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። ልኩ መገኘቱን የሚያውቀው እንዲህ ነው፦ ሲሊንደሩ ሲቆም ፒስተኑ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ የታችኛው አፍ በጣት ሲደፈን ባለበት ይቀራል።

ነገሌ ቦረና የሞተርን ነገር አቅልላ ልታይ የማትችል ከተማ ናት። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. እዚያ የሰፈረው ጦር ያመፀው ምግቡ ስለከፋና የውሃ ፓምፑ ተበላሽቶ ሳለ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዳ ስለከለከሉት ነበር። ጉዳዩን ሊያዩ የሄዱትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ወታደሮቹ ይዘው ከሚበሉት አበሏቸው፣ ከሚጠጡት አጠጧቸው። የአብዮቱ ታሪክ ሲተረክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከዚህ ነው። የበደሉ ሥር ከፓምፑ ይልቃል፤ ቢሆንም ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ባለ ደረቅ አገር ሞተር ሲቆም ምን እንደሚከተል ያን ያህል የሚያሳይ ታሪክ ማግኘት ይከብዳል።

ዛሬም በገናሌ ዳር ማሳ የሚጠጣው በፓምፕ ነው። የቆላው መካኒክ እጁ ብርቱ ነው፣ የሞተ ሞተር ሲያስነሳ ማየት ያስደንቃል። ለማጁ ግን የሚማረው ባመዛኙ መፍታትና መግጠም ነው፤ ያረጀው ወጥቶ አዲሱ ይገባል፣ አዲሱ ከሌለ መኪና እስኪመጣ ይጠበቃል። ፒስተን ለምን በዚያ ልክ እንደተሠራ በእጁ የሚያውቅ፣ የጠፋውን ክፍል ለክቶ ከቁራጭ ብረት ይቀርጸዋል።

ስለዚህ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ይህችን ትንሽ ሞተር ለማሽን ሥራ ተማሪ የመጨረሻ ፈተና ቢያደርጓት መልካም ነው። ናሱ ከአሮጌ የቧንቧ መክፈቻ፣ ዘንጉ ከተጣለ ፓምፕ ይገኛል። ነጥብ ለመስጠትም ክርክር አያስፈልግም፤ አየር ይለቀቅባታል፣ ትዞራለች ወይም አትዞርም። ካልዞረች ተማሪው ሳሙና አረፋ ቀብቶ የሚሾልክበትን ይፈልግ። ከዞረች ደግሞ በዚያው ዘንግ ላይ ሁለተኛ ሲሊንደር ይግጠም፣ አየር ሳይሆን ውሃ የሚስብ፣ ሁለት የአንድ አቅጣጫ ቫልቮች ያሉት፤ ከባልዲ ባልዲም ውሃ ያሻግር።