ቡችላው ቢያጉረመርም አይመታ

አበው «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ። አገር ቤት ውሻ ደጅ ታስሮ የተጣለለትን ብቻውን ይበላል፤ ወደ ሳህኑ እጁን የሚዘረጋ የለም። እዚህ አሜሪካ ግን ቡችላው ሳሎን ውስጥ ከሕፃናት ጋር ያድጋል። አጥንቱን ይዞ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፤ ልጁ ሲጠጋ ሰውነቱን ገትሮ ያጉረመርማል። አባት በዚህ ይቆጣና በጫማ መትቶ አጥንቱን ይነጥቀዋል።

ከዚህ የከፋ ትምህርት የለም። ቡችላው የሚማረው ሰው ወደ ምግቡ ሲመጣ ዱላ እንደሚከተል ነው። ማጉረምረም እኮ ማስጠንቀቂያ ነው! በዱላ ዝም ያሰኙት ውሻ ፍርሃቱ ሳይለቀው ማስጠንቀቂያውን ብቻ ሊተው ይችላል፤ ያን ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ ይነክሳል። ሕፃን ልጅ ደግሞ ፊቱ ከውሻው አፍ እኩል ነው።

የሚሻለው መንጠቅን ትቶ መለዋወጥ ነው። ቡችላው ሲበላ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ከያዘው የሚበልጥ ቁራጭ ሥጋ ወርውሮለት መሄድ፤ ሰውነቱ ሲላላ በየቀኑ ጥቂት እየቀረቡ መደጋገም። (ሥጋው ከወጥ የወጣ አይሁን። ሽንኩርት ውሻን ይመርዛል፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ ሆዱን ይወጋል።) ይህ የአዋቂ ሥራ ነው፤ ልጆች ውሻው ሲበላ ጨርሶ አይጠጉት።

«ቡችላ ምን ያመጣል?» የሚሉ አሉ። በካሊፎርኒያ ሕግ እንግዳ ሆኖ የመጣ የጎረቤት ልጅ ቢነከስ፣ ውሻው ከዚያ በፊት ማንንም ነክሶ ባያውቅም እንኳ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው። ለመንከስ የቃጣ ውሻ ያለበት ቤተሰብ ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ያማክር።