የመጨረሻው ገጽ

ጎንደር ፒያሳ ላይ አንድ ወጣት ላስቲክ ዘርግቶ መጽሐፍ ይሸጣል። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት እናት አጠገቤ ጎንበስ ብላ ስትመርጥ አገኘኋት። አምስት ዓመት የሚሆናት ልጇ መርጣ ጨርሳለች፤ ሽፋኑ ላይ ጋቢ የደረበ ጅብ ያለበትን ቀጭን መጽሐፍ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች። እናትየዋ ተቀበለቻትና ከኋላ ገለጠችው። ፊቱን አላየችም፣ መሀሉንም አላየችም።

«ይሄ ምንድን ነው የሚያስተምረው?»

«ተረት ነው እናቴ፤ የአያ ጅቦ።»

«እሱማ ይታየኛል። ምክሩን ነው የጠየቅሁህ።»

ሻጩ ራሱን አከከ። ጅቡ ወደ ላስቲኩ ተመለሰ። በምትኩ የተገዛው ሁለት ጥንቸሎች ካሮት የሚካፈሉበት ነው፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ በቀይ መስመር የታጠረ ሳጥን አለ፣ «ከዚህ ታሪክ የምንማረው» የሚል። ልጅቷ አላለቀሰችም። ስትሄድ ግን አንገቷን አዙራ ጅቡን ታየው ነበር።

እናትየዋን አልወቅስም፤ እኔም ከኋላ ገልጬ ገዝቼ አውቃለሁ። የምወቅሰው ለሕፃን መጽሐፍ ስንመርጥ ሁላችንም አንድ ሚዛን ብቻ መያዛችንን ነው። ምን ያስተምራል? ወላጅ ይህን ይጠይቃል፣ መምህር ይጠይቃል፣ መጽሐፍ የሚለግሰውም ይጠይቃል። ጸሐፊው ደግሞ ገበያውን ያውቃልና መጀመሪያ ሳጥኑን ይጽፋል፣ ከዚያ ለሳጥኑ የሚሆን ታሪክ ይፈልጋል። ሥዕሉ መጠቅለያ ሆኖ ቀርቷል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ተመልሷል፤ መልካም ነው፣ የራሱ ክፍለ ጊዜ ይኑረው። ተረቱን ግን ለምን ይቀማናል?

ከዳባት እስከ ደባርቅ ባለው ደጋ፣ ማታ ምድጃ ዙሪያ ተረት የሰማ ሰው ተረት እንዴት እንደሚያልቅ አይጠፋውም። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።» በቃ። ተራኪዋ ሁለት ነገር ጠየቀች፤ ተረት በተረት እንዲመለስላት፣ ለደከመ አፏ ደግሞ ዳቦ። «ምን ተማራችሁ?» ያለ የለም። አያቶቻችን ምክር ጠፍቷቸው አይደለም፤ ምክር ሞልቷቸው ነበር። ግን ምክር የራሱ ሰዓት ነበረው፤ በሬው ከሰው አዝመራ ሲገባ፣ ልጁ ለእንግዳ ሳይነሣ ሲቀር፣ ያን ጊዜ ይመጣል፣ አንዳንዴም ከአርጩሜ ጋር። ማታው የተረት ነበር።

ደግሞስ የምንፈልገው ምክር ምንድን ነው? ገበያውን ብታዩት ግማሹ ታዛዥነት ነው። እስቲ ታዛዡን ልጅ እናስታውሰው፤ ማሞ ቂሎን። እናቱ ትመክረዋለች፣ እሱ ይታዘዛል። የተከፈለውን ሳንቲም በመንገድ ጣለና «ኪስህ ብትከተው ምን ነበረበት?» ትለዋለች። በማግሥቱ የተከፈለው ወተት ነው፤ ኪሱ ውስጥ ያፈስሰዋል። ተረቱ እንደ ተራኪው ቢለያይም እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄድና ማሞ መጨረሻ ላይ አህያ በትከሻው ተሸክሞ ይታያል። ልብ በሉ፣ ማሞ ቂል የተባለው አልታዘዝ ብሎ አይደለም። በአገራችን ተረት ውስጥ የሱን ያህል ታዛዥ የለም። ቂልነቱ የትናንቱን ምክር ለዛሬ ማዋሉ ነው። እኛ ደግሞ በሳጥን አጥረን የምንሸጠው ይህንኑ የትናንት ምክር ነው።

ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሳለ በኢትዮጵያ ቋንቋ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አጣ። ሥራውን ሲጀምር በሁለት ቋንቋ፣ በሥዕል አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተመው ማንን ይመስላችኋል? ማሞ ቂሎን ነው። በዓመቱ አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ በኋላም ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ እየተጫነ ወደ ልጆች ይሄድ ጀመር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲኤንኤን ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ አድርጎ አቀረበው። ይህን ሁሉ ያስጀመረው ተረት ፒያሳው ላስቲክ ላይ ቢዘረጋ «ምክሩስ?» ተብሎ ይመለስ ነበር።

ስለ አህያ ካነሳን፣ የአህያዋ ኃጢአት የሚባለውን ተረት ውሰዱ። ሃሮልድ ኮርላንደርና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል ውስጥም ገብቷል። ዝናብ ጠፍቷል። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው «ከመካከላችን ኃጢአት የሠራ ቢኖር ነው፣ እንናዘዝ» ይላሉ። አንበሳው የሰው በሬ መብላቱን ይናዘዛል፤ «ይሄማ ምን ኃጢአት አለው!» ይሉታል። ነብሩም ጅቡም የየራሳቸውን ይናገራሉ፤ ይታለፋሉ። አህያዋ ጌታዬ ከሰው ጋር ቆሞ ሲያወራ ከመንገድ ዳር ጥቂት ሣር ቀጨሁ ትላለች። ለካ ዝናቡን ያጠፋችው እሷ ናት! በሏት።

ለዚህ ተረት ሳጥን ሥሩለት እስቲ። «ኃጢአትን መናዘዝ መልካም ነው» ትላላችሁ? «አትናዘዝ» ትላላችሁ? በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ይህንኑ ተረት አውሬዎቹ አህያዋን ይቅር ብለው፣ ዝናብም ዘንቦ፣ ሁሉም ሲጨፍሩ አግኝቼዋለሁ። ሳጥኑ «ይቅር መባባል» ይላል። አህያዋ ምን አድርጋ ነው ይቅር የምትባለው? ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ሳጥን ሳያስፈልገው ነገሩ ይገባዋል። ዳኛውና በላተኛው አንድ ናቸው። ኳስ ሜዳ ላይም አይቶታል።

እዚህ ላይ «ልጆች ይፈራሉ፣ ለስለስ ያለ ይሁን» የሚለኝ አይጠፋም። ጎንደር ላይ ሆኖ ይህን ማለት ይገርመኛል። ይህች ከተማ ለዘመናት ልጆቿን በሥዕል ያሳደገች ናት፤ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ መጽሐፉ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነበር። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቡና ቀና በሉ፤ ጣራው ሙሉ ዐይናቸውን ያፈጠጡ መላእክት ናቸው። ዝቅ ስትሉ ደግሞ ሲኦል አለ። በየደብሩ ጊዮርጊስ ዘንዶውን በጦር ይወጋል። በላዔ ሰብእም አለ፣ 78 ሰው የበላው። ለአንድ የተጠማ ሰው በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ስለሰጠ ነፍሱ ትድናለች፤ ሠዓሊዎቹ ሚዛኑን ይሥላሉ፣ የማርያምን ጥላ ይሥላሉ። ከዚህ የበለጠ ለስላሳ ትምህርት ከየት ይመጣል? ነገር ግን ያቺ ጥርኝ ውኃ የምትከብደው ሌላው የሚዛኑ ወገን ላይ 78ቱ ሬሳ ስላለ ነው። ሬሳውን አውጡትና ሁለት ጥንቸልና አንድ ካሮት ይቀራችኋል።

ደግሞ ለማን ነው የምናለሰልሰው? ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በዚህ አካባቢ ብዙ ልጅ የተኩስ ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ መለየት ተምሯል፤ ትምህርት ቤቱ የተዘጋበትም ብዙ ነው። ለዚህ ልጅ ማንም የማይራብበት፣ ማንም የማይሞትበት፣ ሁሉም በስምንተኛው ገጽ የሚታረቅበት መጽሐፍ ስንሰጠው ምን እንደሚያስብ አላውቅም። ትልልቆቹ ዋሽተውኛል ብሎ ቢያስብ አልፈርድበትም።

ሳጥኑ ቢያንስ ቢሠራ አንድ ነገር ነው። ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ለሆኑ ልጆች ታሪክ አነበበላቸው፤ «ተኩላ መጣ» እያለ የሚዋሸውን እረኛና የፒኖኪዮን ታሪክ የሰሙት ከመዋሸት አልተመለሱም። ከዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2017 የመጣው ደግሞ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ልጆች ስለ ማካፈል የሚያስተምር አንድ ታሪክ በሁለት ዓይነት ሥዕል አቀረበ፤ በአንዱ ሰዎች፣ በሌላው ልብስ የለበሱ እንስሳት። እንስሳቱን ያዩት ልጆች ከታሪኩ በኋላ ከፊቱ ይልቅ ሰሰቱ። ጥንቸሎቻችንን ይመለከታል። እውነቱን ለመናገር ይኸው ጥናት ሰው ያለበት ታሪክ ልጆችን ቸር እንዳደረገ፣ የፊተኛውም እውነት ተናግሮ የተመሰገነ ልጅ ታሪክ እንደሠራ ያሳያል፤ ይህን አልሸሽግም። ማስፈራሪያና ጥንቸል ግን አልሠሩም፣ የሞላን ደግሞ እነሱ ናቸው። ፈረንሳዊው ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1762 ባሳተመው ኤሚል ላይ ነገሩን ቀድሞ አሽትቶታል፤ ቁራንና ቀበሮን ለልጅ ብትነግሩት ልጁ የሚወደው ቀበሮውን ነው ይላል። ልጅ ያሸነፈውን ይወዳል።

«ተረትን በምክር መዝጋት ከውጭ የመጣ ነው» ብዬ አላመካኝም። ፊሳልጎስ በጥንት ዘመን ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው፤ አውሬውን ሁሉ ከነትርጓሜው ይዟል። ከበደ ሚካኤልም በታሪክና ምሳሌ ምክርን በግጥም ጽፈው ትውልድ አሳድገዋል። ነገር ግን ያን መጽሐፍ በልጅነቱ የያዘ ሰው ዛሬ በቃሉ ሲወጣው አድምጡት፤ ድምፁ የሚሞቀው ቤቱ ሲመታ እንጂ ምክሩ ሲደርስ አይደለም። አለቃ ገብረ ሃናማ የጎንደር ሊቅ፣ የአቋቋም መምህር ነበሩ። ልጅ ሽማግሌው ዛሬም የሚያወራው ግን ስለ ሥነ ምግባራቸው አይደለም፤ ስለ ምላሳቸው ነው።

ታዲያ በምን እንምረጥ? እኔ ከሥዕሉ እጀምራለሁ። ባለፈው ዓመት ከወገራ ለመጣ የዘመድ ልጅ ገበሬ የሚያርስበትን ሥዕል አሳየሁት። ብዙ አየው።

«ቀንበሩስ?» አለ።

አየሁ። እውነትም በሬዎቹ በገመድ ብቻ ነው የሚጎትቱት።

«እርፉን ማን ያዘው?»

ገበሬው ሁለቱንም እጁን ወደ ሰማይ አንስቶ ይስቃል። ልጁ መጽሐፉን ከድኖ መለሰልኝ። መጽሐፉ ስለ ትጋት ነበር።

ልጅ ሥዕል ያነባል፤ እኛ ከምናነበው በላይ አጥብቆ ያነባል። ጅብ የኋላ እግሩ ከፊቱ ያጠረ መሆኑን ያውቃል፣ የስሜን ልጅ ከሆነ ጭላዳን ከሌላ ዝንጀሮ በደረቱ ይለየዋል። ሠዓሊው ካልተጋ ምክሩን ማን ይሰማዋል? «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» የሚለው አባባል ይስማማኛል። እኛ ንፍጡን በሳጥን ጠርገን ልጁን መውደድ እንፈልጋለን።

ያን ቀን እናትየዋ ከሄደች በኋላ ጅቡን እኔ ገዛሁት። ማታ ለስድስት ዓመቷ ልጄ አነበብኩላት። መጽሐፉ ጅቡ ጋቢውን ከየት እንዳመጣው አይናገርም።

«ከማን ወሰደው?» አለችኝ።

«አልተጻፈም።»

ዝም አለች። መብራት ካጠፋሁ በኋላ ከአልጋዋ ድምፅዋ መጣ። ጋቢው የአህያዋ ባል ጋቢ ነው አለች፤ አህያዋ ልታስመልሰው ማታ ማታ እየመጣች ጅቡ ሲተኛ አንድ አንድ ክር ትመዛለች። ክረምት ሲገባ ጅቡ ራቁቱን ቀረ። አህያዋ ክሩን ምን እንዳደረገችው ግን ልጄ ገና አላሰበችበትም፤ ነገ ትነግረኛለች።

«ጨረስሽ?»

«ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» አለች።

በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ዳቦ አልነበረም። «እንጀራ ይሆናል?» አልኳት።

«አይሆንም። ዳቦ ነው የሚለው።»