ሞክሼ ፊደሎችና የመጽሐፍ ፍለጋ

ባለፈው ወር ስለ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ እንድጽፍ ታዝዤ፣ በቤተ መጻሕፍታችን ኮምፒዩተር «ሀዲስ አለማየሁ» ብዬ ብፈልግ አንድም መጽሐፍ የለም አለኝ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን ከጀርባዬ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ነበር! ነገሩ መዝጋቢው በሐመሩ «ሐ»ና በዐይኑ «ዓ» ስለ ጻፈው ነው፤ ለእኛ ድምፃቸው አንድ ቢሆንም በኮምፒዩተር ዘንድ እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር አለውና ሃሌታውን «ሀ» እንደ ባዕድ ይቈጥረዋል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «እንግዲያው ሞክሼዎቹ ይቀነሱ» ይላሉ። እኔ አልስማማም፤ ሌባ ሰረቀ፣ ፀሐይ ሠረቀች ስንል በምን ሊለይ ነው? መጽሐፉ ደራሲው እንደ ጻፈው ይመዝገብ፤ ፍለጋው ብቻ ሀን፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን እንደ አንድ ይቍጠር። ዝርዝሩን ጽፌ ለቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ ሰጥቻለሁ፤ መልሳቸውን እጠብቃለሁ።